ዴቪድ ሞዬስ፦ ከመሐል ተከላካይነት እስከ አሰልጣኝነት፣ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ስኮትላንዳዊው የእግር ኳስ አሰልጣኝ ዴቪድ ሞዬስ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልሻለሁ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አጣምሬያለሁ፤ ስድብ ብቻ የነበሩትን ትቻለሁ። የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች፣ እናንተው ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ቀናቱና ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰውየው ኳስ ተጫውቶ ያውቃል? እኔ የማውቀው በአሰልጣኝነቱ ብቻ ነው።

በሚገባ ተጫውቷል፤ ከ500 በላይ የሊግ ጨዋታዎች አሉት። በ1963 ግላስጎው ውስጥ ተወለደ። አባቱ ድራምቻፐል በተባለው የከተማዋ አማተር ክለብ ታዳጊዎችን ያሰለጥኑ ነበር፤ በኋላ የማንቸስተር ዩናይትድ አሰልጣኝ የሆነው አሌክስ ፈርጉሰንም በልጅነቱ የተጫወተው በዚያው ክለብ ነው። ሞዬስ በሴልቲክ ጀምሮ የ1982ቱን የስኮትላንድ ሊግ ዋንጫ ከቡድኑ ጋር አነሳ፤ ቋሚ ተሰላፊ ለመሆን ግን አልቻለም። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪኩ የታችኛው ሊግ ታሪክ ነው፦ ካምብሪጅ ዩናይትድ፣ ብሪስቶል ሲቲ፣ ሽሩስበሪ፣ ወደ ስኮትላንድ ተመልሶ ደንፈርምሊንና ሃሚልተን፣ በመጨረሻም ፕሪስተን። ረጅም፣ ቀይ ፀጉር ያለው፣ ኳስ በግንባሩ የሚገጭና ጓደኞቹን ሲጮህባቸው የሚውል የመሐል ተከላካይ ነበር። የአሰልጣኝነት ትምህርቱን የጀመረው ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለ ነው። በተሰጥኦው ብዙ ርቀት እንደማይሄድ ቀድሞ የተረዳ ሰው ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ከቤካም ጋር ተጫውቷል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ወጣቱ ቤካም በ1995 ለአጭር ጊዜ በውሰት ወደ ፕሪስተን ሲሄድ ሞዬስ እዚያ ተከላካይ ነበር።

ጥያቄ፦ አሰልጣኝ የሆነው እንዴት ነው? ማን አመነው?

ፕሪስተን ራሱ። በጥር 1998 ቡድኑ ወደ አራተኛው እርከን ሊወርድ በተቃረበበት ሰዓት ኃላፊነቱን ሰጡት። አተረፈው፤ በ2000 የሦስተኛው እርከን ሻምፒዮን አደረገው፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ፕሪሚየር ሊግ ለመግባት አንድ ጨዋታ ሲቀረው ካርዲፍ ላይ በቦልተን 3 ለ 0 ተሸነፈ። በዚሁ መሐል፣ የፈርጉሰን ምክትል ብሪያን ኪድ ማንቸስተር ዩናይትድን ሲለቅ፣ ፈርጉሰን ለምክትልነት አስጠርቶ አነጋግሮት ነበር፤ ሥራውን ያገኘው ግን ስቲቭ ማክላረን ነው።

ጥያቄ፦ ኤቨርተን 11 ዓመት ቆየ፣ አንድም ዋንጫ አላነሳም። ታዲያ ለምን ይሞገሳል?

ወንድሜ፣ ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣልኛል። በመጋቢት 2002 ሲረከበው ኤቨርተን ላለመውረድ የሚታገል፣ ገንዘብ የሌለው ክለብ ነበር። በ2004 የ18 ዓመቱን ዌይን ሩኒን ለዩናይትድ ሸጠ፤ ሁሉም ይወርዳል ብሎ ጠበቀ፤ ቡድኑ ግን 4ኛ ሆኖ ጨረሰ። በዚያ ዓመት ያስቆጠረው 45፣ የተቆጠረበት 46 ግብ ነው። የተቆጠረበት ካስቆጠረው በልጦ አራተኛ የሆነ ቡድን! ከሥሩ 5ኛ የሆነው ደግሞ በዚያው ወቅት የአውሮፓ ሻምፒዮን የሆነው ሊቨርፑል ነው። ሻምፒዮንስ ሊጉ ግን ብዙ አልቆየም፤ በማጣሪያው የስፔኑ ቪያሪያል አሰናበተው።

ግዢውን ተመልከቱ። ቲም ኬሂልን ከሚልዎል በ1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ወሰደ። አርቴታን መጀመሪያ በውሰት አመጣው፤ ዛሬ አርሰናልን የሚያሰለጥነው አርቴታ ማለት ነው። ሼመስ ኮልማንን ከአየርላንዱ ስላይጎ ሮቨርስ በ60 ሺህ ፓውንድ ገዛ፤ ልጁ በኋላ የክለቡ አምበል ሆነ። እንዲህ ያለ ዓይን በገንዘብ አይገኝም። በታችኛው ሊግ ሲንከራተት የኖረ ሰው እዚያ የተደበቀውን ተጫዋች ያውቃል ባይ ነኝ።

ዋንጫውን በተመለከተ፣ በ2009 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ የኤቨርተኑ ሳሃ በ25ኛው ሰከንድ አስቆጥሮ ነበር፤ ቼልሲ 2 ለ 1 አሸነፈ። እዚህ ላይ ተቺዎቹ ትክክል ናቸው፤ በእነዚያ 11 ዓመታት በዩናይትዱ ኦልድትራፎርድ፣ በሊቨርፑሉ አንፊልድ፣ በቼልሲው ስታምፎርድ ብሪጅና በአርሰናል ሜዳ አንድም የሊግ ጨዋታ አላሸነፈም። ትልልቆቹ ሜዳ ሲገባ አቻ መውጣት የሚበቃው ይመስል ነበር።

ጥያቄ፦ ዩናይትድን ያበላሸው እሱ ነው ወይስ ፈርጉሰን ያረጀ ቡድን አውርሶት ነው?

ሁለቱም፤ ሦስተኛም አለ። ሞዬስ በ2013 ፈርጉሰንን ተክቶ ሲመጣ ቡድኑ አርጅቶ ነበር፤ የተጫዋቾች ዝውውሩን ሲመራ የኖረው ዴቪድ ጊልም ከፈርጉሰን ጋር አብሮ ለቀቀ። ነገር ግን ሞዬስ የሠራቸውን ሥራዎች ሌላ ሰው ላይ መለጠፍ አይቻልም። ሻምፒዮን የሆነውን የአሰልጣኞች ቡድን አሰናብቶ ከኤቨርተን የራሱን ሰዎች አመጣ። የኤቨርተኑን አማካይ ፌላይኒን ለመግዛት በውሉ ላይ የነበረው የ23.5 ሚሊዮን ፓውንድ መልቀቂያ ዋጋ ጊዜው እስኪያልፍ ተጠብቆ፣ በዝውውሩ የመጨረሻ ቀን 27.5 ሚሊዮን ተከፈለበት። ለሳምንታት መዘግየት 4 ሚሊዮን!

ዘመኑን በአንድ ጨዋታ አሳየኝ ብትሉኝ የካቲት 9 ቀን 2014 በኦልድትራፎርድ ከፉልሃም ጋር የተደረገውን አሳያችኋለሁ። ዩናይትድ በዚያ ቀን 81 ኳስ አሻማ። ከግራ፣ ከቀኝ፣ እንደገና ከግራ። የፉልሃም ተከላካዮች ሥራቸው እየገጩ መመለስ ብቻ ነበር። ውጤቱ 2 ለ 2፤ የፉልሃም አሰልጣኝ ማን ነበር? ሞዬስ ሲመጣ ክለቡን ከለቀቁት የፈርጉሰን ረዳቶች አንዱ፣ ሬኔ ሙለንስቲን። ከሁለት ወር በኋላ በቀድሞ ቤቱ ጉዲሰን ፓርክ በኤቨርተን 2 ለ 0 ተሸነፈ፤ በሁለተኛው ቀን ተባረረ። ስድስት ዓመት የተባለው ውል ዓመት አልሞላም።

ከእሱ በኋላ ቫን ሃልም ሞሪኒዮም ያንን ቡድን የሊግ ሻምፒዮን ማድረግ ተስኗቸዋል። ይህ ግን እሱን ነጻ አያወጣውም።

ጥያቄ፦ ስፔን ውስጥ የደጋፊ ድንች ጥብስ በላ የሚባለው ቀልድ ነው?

ቀልድ አይደለም። ሪያል ሶሲዳድን ሲያሰለጥን፣ በንጉሡ ዋንጫ ከቪያሪያል ጋር በነበረው ጨዋታ ዳኛው ከሜዳ አስወጣው። ሄዶ ደጋፊዎች መሐል ተቀመጠ፤ አጠገቡ የነበረው ሰው ከፌስታሉ ሲጋብዘው ዝግን ብሎ በላ። በዚያው ወር ባርሴሎናን 1 ለ 0 ማሸነፉን ግን ማንም አያስታውስም። በቀጣዩ ኅዳር ተሰናበተ።

ጥያቄ፦ ሰንደርላንድስ?

ወረደ። መጨረሻ ሆኖ፣ በ24 ነጥብ። ከሙያው ሁሉ መከላከያ ያጣሁለት ዓመት ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ዌስት ሃም ውስጥ ምን ተለወጠ? ያው ሰው አይደለም እንዴ?

እኅቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ያው ሰው ነው፤ ሥራው ነው የተስማማው። መጀመሪያ በ2017 መጥቶ ቡድኑን ከመውረድ አተረፈ፤ አመስግነው አሰናበቱት። በታኅሣሥ 2019 መልሰው ጠሩት። ተጫዋቾቹን ቦወንንና ሶሴክን አስመጣ፤ በ2021 6ኛ ሆነ። ሰኔ 7 ቀን 2023 ፕራግ ላይ የአውሮፓ ክለቦች ሦስተኛ ደረጃ ውድድር የሆነው የኮንፈረንስ ሊግ ፍጻሜ ደረሰ፤ የጣሊያኑ ፊዮረንቲና አቻ ካደረገ በኋላ ቦወን በ90ኛው ደቂቃ ብቻውን አምልጦ አገባ፤ 2 ለ 1። ዌስት ሃም ከ1980 በኋላ ያገኘው የመጀመሪያው ታላቅ ዋንጫ ነው። ሞዬስ ሜዳሊያውን አውልቆ በቦታው በነበሩት በአረጋዊ አባቱ አንገት ላይ አጠለቀው። አዎ፣ እነዚያው የድራምቻፐሉ አሰልጣኝ።

ከዓመት በኋላ አጨዋወቱ አሰልቺ ነው ተብሎ ተለያዩ። አሰልቺነቱን አልክድም፤ ኳስ ለባላጋራ ለቅቆ ወደ ኋላ መሰብሰብና በቆመ ኳስ ማስቆጠር ይወዳል። ክለቡ ግን እሱ ከሄደ በኋላ የተሻለ ነገር አላየም።

ጥያቄ፦ ኤቨርተን መመለሱ ስህተት አይደለም? ሁለተኛ ጊዜ የሚመለስ አሰልጣኝ አይሳካለትም ይባላል።

በጥር 2025 ሲመለስ ቡድኑ ከወራጅ ቀጠናው በአንድ ነጥብ ብቻ ይርቅ ነበር፤ 13ኛ ሆኖ ጨረሰ። በዚያው ግንቦት የጉዲሰን ፓርክን የመጨረሻ የወንዶች ቡድን ጨዋታ በድል መራ። መልሱን ለእናንተ ትቻለሁ።

ጥያቄ፦ አንድ ጨዋታውን ብቻ ፈልጌ ልመልከት ብል የቱን ይመርጡልኛል?

ኅዳር 24 ቀን 2025፣ ማንቸስተር ዩናይትድ ከኤቨርተን። በ13ኛው ደቂቃ የኤቨርተኑ ጉዬ የገዛ ቡድን ጓደኛውን ኪንን በጥፊ መትቶ ቀይ ካርድ አየ። ኤቨርተን በ10 ሰው ቀረ፤ ደውስበሪ ሆል በ29ኛው ደቂቃ አገባ፤ 1 ለ 0 አለቀ። ሞዬስ በእንግድነት ሄዶ ኦልድትራፎርድ ላይ የሊግ ጨዋታ ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ነው። ቅንጭቡን ሳይሆን ሙሉውን ፈልጉ፤ ከጎሉ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ሁሉ መከላከል ነው።