ወረቀቱ ላይ ያልሰፈረ ስም፦ ስለ ዕጩ ምዝገባ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

ቅዳሜ ከሰዓት አራት ኪሎ ባደረግነው ውይይት ሰዓቱ አልቆ ብዙ እጆች እንደተነሡ ቀሩ። ጥያቄዎቹን በወረቀት ተቀብዬ ነበርና የቻልኩትን እነሆ።

ጋሼ፣ ዋናው ነገር ቆጠራው አይደለም እንዴ? ስለ ምዝገባ ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል?

ቆጠራው የቱንም ያህል ንጹህ ቢሆን የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የሌለን ሰው መምረጥ አይቻልም። በዚያ ላይ በእኛ ሥርዓት በምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘው ያልፋል፤ የአንድ ዕጩ መጉደል ብቻውን ውጤቱን ሊገለብጠው ይችላል።

ዕጩው እንዲወዳደር መራጮች የሚሰጡት የድጋፍ ፊርማ ካልተጠየቀ ግን ማንም እየተነሣ አይወዳደርም?

መጠነኛ ፊርማ አልቃወምም። የቀድሞው አዋጅ 532/1999 ከግል ዕጩ 1,000 ፊርማ ይጠይቅ ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ከቁጥሩ ይልቅ አሰባሰቡ ነው። ድምፅ በምስጢር ይሰጣል፤ የድጋፍ ቅጽ ላይ ግን ስም ይሰፍራል። በቀበሌ ቤት የምትኖር፣ ጉሊት ቸርችራ የምታድር እናት እስክሪብቶውን ይዛ «ይሄ ወረቀት ማን ጋ ነው የሚሄደው?» ብትል እውነቷን ነው። ቤቷም መደቧም በወረዳው እጅ ነው። እሷ ስትፈራ ገዢው ፓርቲ አይጎዳም፣ የሚጎዳው አዲሱ ተወዳዳሪ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ይነስ፣ ጊዜው ይርዘም፣ ቅጹም ከምርጫ ቦርዱ በቀር ማንም እጅ አይግባ እላለሁ።

ብሪታንያ በፊርማ ብዛት ፋንታ ገንዘብ ታስይዛለች፦ 500 ፓውንድ፣ 5 በመቶ ድምፅ ያላገኘ አይመለስለትም። ይህም ቢሆን ኪሱ ባዶ የሆነውን ያስቀራል።

ፓርቲ ለመመሥረት 10,000 ሰው አይበዛም?

ለወጣቶች ስብስብ ይበዛል። አዋጅ 1162/2011 ለአገር አቀፍ ፓርቲ 10,000፣ ለክልላዊ 4,000 መሥራች አባላት ይጠይቃል። በፊት 1,500 እና 750 ነበር።

የታሰረ ሰው መወዳደር ይችላል?

በ2013 ምርጫ ቦርድ ታስረው የነበሩትን የባልደራስ ፓርቲ ሰዎች እነ እስክንድር ነጋን አልመዘግብም ብሎ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰበር ችሎት ደረሰ። ችሎቱ ይመዝገቡ አለ። ቦርዱ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ሕትመት ምክንያት አድርጎ ቢከራከርም በኋላ ተቀብሎ መዝግቧቸዋል። መብቱ በፍርድ ተከበረ፤ የምረጡኝ ቅስቀሳው ጊዜ ግን አብዛኛው አልፎ ነበር። አቤቱታ ቅስቀሳ ሳይጀመር እልባት ካላገኘ ዕጩው ግማሹን ተሸንፏል።

በግል ተወዳድሮ ያሸነፈ አለ?

አለ። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በ1997 ከደምቢ ዶሎ በግል ተወዳድረው ፓርላማ ገብተዋል።

19 ዓመቴ ነው፤ መወዳደር እችላለሁ?

ገና ነሽ፣ ልጄ። ለመምረጥ 18 ይበቃል፣ ለመመረጥ ግን 21 መሙላት ያስፈልጋል። የናይጄሪያ ወጣቶች ተሟግተው የተወካዮች ምክር ቤቱን የዕጩነት ዕድሜ በእኛ አቆጣጠር በ2010 ከ30 ወደ 25 አስወርደዋል። የእኛም ወደ 18 እንዲወርድ ጥያቄ ብታነሡ ከሚፈርሙት አንዱ እኔ ነኝ።