ከጎንደር ወደ አየርላንድ ገጠር፦ የት እንደር?

አየርላንድ ያሉ ዘመዶቻቸውን ለመጠየቅ ወይም አገሩን ለማየት የተሰናዱ የጎንደርና የአካባቢው አንባቢዎች የላኩልንን ጥያቄዎች በዚህ እትም ሰብስበን መልሰናል። ብዙዎቹ የሚሉት ተመሳሳይ ነው፤ የከተማ ሆቴል የትም አለ፣ እኛ የምንፈልገው የአገሩን መልክ የያዘ ቤት ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ቤት መልኩን ያገኘው ከቀድሞ ሥራው ነውና ችግሩም የሚመጣው ከዚያው ነው። ግንቡ ለመከላከል፣ ማማው ለመርከብ፣ ጎጆው ለገበሬ የተሠሩ ናቸው፤ እንግዳ በኋላ የመጣ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ አጥብቀን የጻፍነው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ደብሊን የምትኖረው ልጃችን በሐምሌ እንድንመጣ ጠርታናለች። ባለቤቴ የፋሲልን ግንብ እያዩ ስላደጉ አንድ ሌሊት ግንብ ውስጥ ካላደርኩ ብለዋል። እኔ ደግሞ ጉልበቴን ያመኛል። ስሙ «ካስል» የሆነ ሁሉ ግንብ ነው? — አንዲት እናት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ አይደለም፣ እናታችን። አየርላንድ ውስጥ «ካስል» በሚለው ስም የሚጠሩ ቤቶች ቢያንስ ሦስት ዓይነት ናቸው፤ ለጉልበትዎ ልዩነታቸውን ማወቅ ግድ ነው።

የመጀመሪያው እውነተኛው ግንብ ነው። በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የየአካባቢው ባላባቶች ያሠሩት፣ አራትም አምስትም ፎቅ ያለው ጠባብ የድንጋይ ቤት። ግድግዳው ከአንድ ሜትር ይወፍራል፣ መስኮቱ ቀጭን ነው፣ በየፎቁ አንድ ወይም ሁለት ክፍል ብቻ አለ። ፎቆቹን የሚያገናኘው ጠመዝማዛ የድንጋይ ደረጃ ነው፤ እያንዳንዱ ደረጃ በአንድ ወገን ሰፊ፣ በሌላው ወገን ሹል ስለሆነ እግር ሙሉውን አይረግጥም፤ መደገፊያውም ብዙ ጊዜ ገመድ ነው። መኝታው ላይ፣ መታጠቢያው አንድ ፎቅ ታች ሊሆን ይችላል። ክሌር ካውንቲ ውስጥ ኮሮፊን አጠገብ ያለው ባሊፖርትሪ ከዚህ ዓይነት ነው። የባለቤትዎን ልብ የሚያደርሰው ይህ ነው፤ ለእርስዎ ግን አንመክርም።

ሁለተኛው በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለጸጎች ለመልኩ ብለው የግንብ ጉልላትና ጥርስ የጨመሩበት የመኖሪያ ቤት ነው። ውስጡ ሰፊ ደረጃና ትልልቅ መስኮት አለው። ሦስተኛው ድብልቅ ነው። ማዮ ካውንቲ ኮንግ መንደር ያለው አሽፎርድ በ1228 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፤ ከ1852 ጀምሮ ቢራ ጠማቂው የጊነስ ቤተሰብ አስፋፋው፤ በ1939 ሆቴል ሆነ። ውድ ነው። ግንብ ውስጥ መግባቱን እንጂ መተኛቱን ካልፈለጉ፣ እንዲህ ባሉ ሆቴሎች የከሰዓት ሻይ አስቀድሞ አስይዞ መጠጣት ከአንድ ሌሊት ዋጋ በብዙ ይረክሳል።

ሁለታችሁንም የሚያስማማ ቦታ ብትሉን ኪልኬኒ ካውንቲ ያለውን ክሎማንታን እንጠቁማለን። ከአሮጌው ግንብ ጋር ተያይዞ የተሠራ የገበሬ ቤት አለው። የሚያከራየው ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሮጌ ሕንፃዎችን እያደሰ ለእንግዳ የሚሰጠው አይሪሽ ላንድማርክ ትረስት ነው። ልጅዎ ከመክፈሏ በፊት እነዚህን ትጠይቅ፦ የትኞቹ መኝታዎች በቤቱ፣ የትኞቹ በግንቡ ናቸው? እስከ መኝታው ስንት ደረጃ ነው? መጸዳጃው በዚያው ፎቅ ነው? ማሞቂያው የሚበራው በየትኞቹ ሰዓቶች ነው? የመጨረሻውን አይናቁት። ወፍራም ድንጋይ በሐምሌም ቅዝቃዜ ይይዛል፤ በብዙ ቤቶች ማሞቂያው ጠዋትና ማታ ብቻ እንዲበራ ይሞላል። ጋቢዎን ይያዙ።

ጥያቄ፦ ማደሪያውን ከዚህ ሆኜ በኢንተርኔት ልይዝ ነው። ሰው የሚሳሳተው የት ላይ ነው? — ከማራኪ

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ቀኑ ላይ። እኛ ሐምሌ 1 የምንለው በእነሱ ጁላይ 8 ነው፤ ጁላይ 1 ደግሞ ሰኔ 24። ሐምሌ ለእኛ 11ኛ ወር ስለሆነ ቅጹ ላይ 11 ብሎ ሞልቶ ኖቬምበር የሚያስይዝም አለ። ወሩን ሁልጊዜ በስሙ ይምረጡ።

ቀጥሎ ሰዓቱ። መግቢያ 15፡00 ወይም «3 ፒኤም» ከተባለ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። የገጠር «ቢ ኤንድ ቢ»፣ ማለትም አልጋና ቁርስ የሚሰጥ የሰው መኖሪያ ቤት፣ እንግዳ ተቀባይ ቀን ሙሉ አያስቀምጥም። ባለቤቷ ላም ልታልብ ወይም ገበያ ልትሄድ ትችላለች። በስንት ሰዓት እንደሚደርሱ አስቀድመው ይጻፉላት፤ ከዘገዩም ይደውሉ።

አድራሻው ሌላው ወጥመድ ነው። የገጠር ቤቶች ብዙዎቹ የቤት ቁጥር የላቸውም፤ አንድ የቀበሌ ስም ለአሥር ቤት ያገለግላል። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን እያንዳንዱ ቤት «ኤርኮድ» የሚባል ሰባት ፊደልና ቁጥር ያለው የራሱ መለያ አለው። ይህን ጠይቀው ስልክዎ ካርታ ላይ ካስገቡት በር ላይ ያደርስዎታል።

ቪዛው ሳይመታ ገንዘቡ የማይመለስ ቦታ አይያዙ። በነጻ የሚሰረዝ መሆኑንና እስከ ስንት ቀን ድረስ እንደሚሰረዝ ያንብቡ። ታሪካዊ ቤቶች ብዙ ጊዜ ከሁለት ሌሊት በታች አያከራዩም። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ፋሲካ የሚዘጉ የገጠር ማደሪያዎችም ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ አራት ጓደኛሞች ነን፤ ለመርከብ በሚበራ የመብራት ማማ ውስጥ ማደር እንደሚቻል ሰምተናል። መኪና አንከራይም። ይሆናል? — አስጎብኚ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ይሆናል፤ ምርጫችሁ ግን ይጠባል። ማማዎቹ የቆሙት መሬት በሚያልቅበት ጫፍ ነው፤ አውቶቡስ እዚያ አይደርስም። ክሌር ካውንቲ ያለው ሉፕ ሄድ በጣም ያማረ ነው፤ ነገር ግን ጫፉ ላይ ሱቅ የለም፤ ያለ መኪና ዳቦ መግዛትም ጭንቅ ነው።

ለእናንተ የሚሆነው ዊክሎ ሄድ ነው። ከደብሊን ወደ ዊክሎ ከተማ ባቡሩ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከዚያ በታክሲ ትደርሳላችሁ። በ1781 እ.ኤ.አ. የተሠራ ስምንት ማዕዘን ያለው የድንጋይ ማማ ነው፤ አራት ሰው ያስተኛል። መብራቱ ከፍታ ስለበዛበት ጭጋግ እየጋረደው መርከበኞች አያዩትም ነበር፤ በ1818 በሌላ ተተካ። በ1836 መብረቅ መትቶት ውስጡ ተቃጠለ። አሁን ክፍሎቹ አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው፣ ኩሽናው ከሁሉ በላይ፣ 109 ደረጃ ላይ ነው። ሊፍት የለም። ስለዚህ ሻንጣ ሳይሆን የጀርባ ቦርሳ ያዙ፤ አስቤዛችሁን ዊክሎ ከተማ ሸምቱና በአንድ ጉዞ አውጡት። ጨው የረሳ ወርዶ ለመመለስ 218 ደረጃ ይቆጥራል። የሰሜን ተራሮችን ለምትወጡ እግሩ ቀላል ነው፤ ሌሊት ለመጸዳጃ ስትወርዱ ግን የእጅ ባትሪ አይለያችሁ።

ደሴት ከፈለጋችሁ ከደብሊን በባቡር ወደ ጎልዌይ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ሮሳቪል ወደብ፣ በጀልባ 40 ደቂቃ ያህል ተጉዛችሁ ኢኒሽ ሞር ትገባላችሁ። ወደቡ ላይ ብስክሌት ይከራያል። አንድ ሕግ ግን አትጣሱ፤ ከበረራችሁ በፊት ያለውን የመጨረሻ ሌሊት ደሴት ላይ አታድርጉት። ነፋስ ሲነሣ ጀልባው ይቀራል፤ አውሮፕላኑ አይጠብቃችሁም።

ጥያቄ፦ ጉዞዬ ፍልሰታ ላይ ዋለ። ቁርሱ ከአልጋው ጋር ነው ይሉኛል። ምን እበላለሁ? — ነርስ፣ ከጎንደር

መልስ፦ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ በእነሱ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው። በዚህ ጊዜ የሚያስቸግርዎ የታወቀው የአየርላንድ ቁርስ ራሱ ነው። የአሳማ ሥጋ፣ የአሳማ ቋሊማ፣ እንቁላል፣ በአሳማ ደም የሚሠራው ጥቁር ቋሊማ፤ አጠገባቸው ቲማቲም፣ እንጉዳይ፣ በቲማቲም ስጎ የተቀቀለ ባቄላ። ቲማቲሙና እንጉዳዩ ይጾማሉ ብለው አይዘናጉ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠበሱት ሥጋው በወጣበት መጥበሻ ነው። በሌላ መጥበሻ፣ በዘይት ይሠራልኝ ይበሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዳቦው ላይ ነው። ባለቤቶቹ በቤታቸው የሚጋግሩት ሶዳ ዳቦ እርሾ የለውም፤ የሚነፋው በቤኪንግ ሶዳና በአሬራ ነው። አሬራ ካለው አይጾምም። የተፈጨ ድንች ውስጥ ቅቤና ወተት፣ የአትክልት ሾርባ ውስጥ ክሬም ወይም የዶሮ መረቅ ይገባል። የሚያዋጣዎ በውሃ የተሠራ የአጃ ገንፎ ነው፤ አጃቸው ግሩም ነው።

ለባለቤቷ «ቬጀቴሪያን ነኝ» አይበሏት፤ አይብና እንቁላል ታቀርባለች። «ቪገን»፣ ማለትም ከእንስሳ የተገኘ ምንም የማይበላ፣ የሚለውን ቃል ይጠቀሙ፤ ሲያስይዙ ይጻፉ፣ ከመድረስዎ በፊት ባለው ቀን ደግመው ያስታውሱ። ሩቅ ገጠር ውስጥ ጠዋት ሮጦ የሚገዛበት ሱቅ የለምና።

እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ግን ቢ ኤንድ ቢ አይመቸዎትም፤ ቁርሱ ጠዋት ቀርቦ ያበቃል፣ ዋጋው ውስጥ ግን አለ። ኩሽና ያለው ጎጆ ይከራዩና ሽሮዎን ይሥሩ። ሽሮና በርበሬ ይዞ መግባት ይቻላል። ንጥር ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ ግን አይሞክሩ፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ካለ አገር ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው፣ አየር ማረፊያው ላይ ይወረሳል።

ጥያቄ፦ ሙስሊም ነኝ። ምዕራቡን ገጠር ስዞር ሐላል አገኛለሁ? — ከአዲስ ዓለም

መልስ፦ መንደሮቹ ውስጥ አይጠብቁ፤ ከተማ ሲያልፉ ገዝተው ኩሽና ያለው ቤት ይያዙ። አንድ ልዩ ቦታ ግን አለ። ማዮ ካውንቲ ያለችው ትንሿ ባሊሃውኒስ የሐላል ሥጋ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ናት፤ በ1987 እ.ኤ.አ. የተሠራ መስጊድም አላት። ወደ ኮንግ ወይም ዌስትፖርት ሲሄዱ መንገድዎን በዚያ ማድረግ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ሰሜን ዶኒጎል፣ ሌተርኬኒ ነው። ከደብሊን ቀጥታ አውቶቡስ አለ አሉኝ። ፋናድ የሚባል የባሕር ጫፍ ላይም ልናድር አስበናል። — ከደባርቅ

መልስ፦ ቀጥታው አውቶቡስ ላይ እንዳይወጡ። ከሞናሃን በኋላ በኦማና በስትራባን ያልፋል፤ እነዚህ ሰሜን አየርላንድ፣ ማለትም የብሪታንያ ግዛት ናቸው። የአየርላንድ ቪዛዎ እዚያ አያገለግልም። ኬላ የለም፣ አጥር የለም፤ ሕጉ ግን አለ፣ አውቶቡስ ላይም ፍተሻ ያጋጥማል። ለአንድ ሰዓት አቋራጭ ብለው ለወደፊቱ ቪዛዎን አያበላሹ።

ከደብሊን ወደ ስላይጎ በባቡር ይሂዱ፤ ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ከስላይጎ በቡንዶራንና በዶኒጎል ከተማ አድርጎ ወደ ሌተርኬኒ የሚሄደውን 64 ቁጥር አውቶቡስ ይያዙ። መንገዱ ሁሉ በአየርላንድ ሪፐብሊክ ውስጥ ነው፤ አውቶቡሱ ግን ቀጥሎ ሰሜን አየርላንድ ወዳለችው ዴሪ ስለሚሻገር ሌተርኬኒ ላይ መውረድዎን አይርሱ። ወንድምዎ በመኪና ከወሰደዎት፣ ስልኩ በራሱ በኦማ ይመራዋልና መጀመሪያ ስላይጎን ይሙላ።

ማደሪያ ሲፈልጉም ይህንኑ ይመልከቱ። «ከሌተርኬኒ ቅርብ» ተብሎ የሚወጣ ቤት ከድንበሩ ማዶ ሊሆን ይችላል። ዋጋው በፓውንድ ከሆነ ወይም የፖስታ ኮዱ በ«ቢቲ» ከጀመረ ሰሜን አየርላንድ ነው።

ፋናድ ያለ ሐሳብ የሚሄዱበት ነው፤ በሪፐብሊኩ ውስጥ ነው። እዚያ ያለው የመብራት ማማ የበራው በ1817 እ.ኤ.አ. ነው፣ በ1811 ሳልዳና የተባለች የጦር መርከብ እዚያ ከሰጠመች በኋላ። የጠባቂዎቹ ቤቶች አሁን ኩሽና ያላቸው ማደሪያዎች ናቸው፤ ማማው ላይ ሳይሆን ሥሩ ስለሆኑ ለአረጋውያንም ይመቻሉ። ወንድምዎ በቀን ብርሃን ይንዳ። በበጋቸው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ አይጨልምም፤ መንገዱ ግን መሀሉ ሣር የበቀለበት፣ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ነው። ፍጥነቱም ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ በእንዲህ ዓይነት መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ሆኗል።

ጥያቄ፦ እህቴ የተከራየችው የገጠር ጎጆ ውስጥ ሁለት ቀን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበች። ቤቱ ተበላሽቶ ነው? — ከማክሰኚት

መልስ፦ ሳይሆን አይቀርም ማብሪያው ጠፍቷት ነው። ሁለት ቦታ ትይ። ሻወሩ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ከሆነ ከመታጠቢያው ጣሪያ የሚንጠለጠል ገመድ ወይም ከበሩ ውጭ ያለ ትልቅ ማብሪያ አለው፤ ገመዱ ተስቦ ቀይ መብራት ካልታየ ውሃው አይሞቅም። ሻወሩ ከጋን የሚቀዳ ከሆነ ደግሞ ጋኑ ያለበትን ቁምሳጥን ትክፈት፤ እዚያ «ኢመርሽን» የሚባል ማብሪያ አለ። ሁለት ምርጫ አለው፤ «ሲንክ» የጋኑን ላይ ብቻ ያሞቃል፣ ለዕቃ ማጠቢያ ይበቃል፤ «ባዝ» ሙሉውን ያሞቃል፣ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ታጥባ ስትጨርስ ታጥፋው፤ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል።

ያች ጎጆ «ተርፍ» የሚባለውን የረግረግ አፈር ኩበት የምታነድበት ምድጃ ካላት፣ ከመተኛቷ በፊት የጭስ መውጫውን እንዳትዘጋና ግድግዳው ላይ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መኖሩን እንድታይ ንገሯት። በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዶ መተኛት የሚያመጣውን አደጋ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ያው ነው። የጉድጓድ ውሃ ከሆነም የሚጠጣ መሆኑን ባለቤቱን ትጠይቅ፤ መጸዳጃው የሚወርደው ወደ ግቢው የፍሳሽ ጉድጓድ ስለሆነ ከመጸዳጃ ወረቀት ሌላ ምንም አትጣልበት። የስልክ ቻርጀሯ ደግሞ ሦስት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ላለው ሶኬት ማገናኛ ይፈልጋል፤ ቮልቴጁ 230 ስለሆነ ትራንስፎርመር አያስፈልጋትም።