ቀጥቃጩ ለምን ጅብ ይሆናል?

ጥያቄ፦ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። በተወለድሁበት በጎንደር ገጠር ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ሲባል እየሰማሁ አድጌአለሁ። መምህራችን ሰው የሚፈራው የማያውቀውን ነው ይሉናል፤ ቀጥቃጩ ግን ማረሻችንን የሚሠራልን ጎረቤታችን ነው። ይህን እንዴት ታዩታላችሁ?

መልስ፦ የመምህርዎ አባባል ስለ ጨለማ ወይም ስለ ሩቅ አገር ሊሠራ ይችላል፤ ለቀጥቃጩ ግን አይበቃም። የሥነ ልቦና ሊቁ ሲግመንድ ፍሮይድ በ1919 እ.ኤ.አ. የጀርመናዊውን ደራሲ የሆፍማንን «የአሸዋው ሰው» የተሰኘ ልብ ወለድ ሲመረምር፣ ሰውን ቅፍፍ የሚለው ከቶ አይቶት የማያውቀው ነገር ሳይሆን፣ ቀድሞ የሚያውቀውና ከልቡ ያራቀው ነገር መልኩን ለውጦ ሲመለስበት ነው ብሏል። የቡዳ ተረቶችም የሚያስፈሩት በዚሁ መንገድ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ፣ የወርቅ ጉትቻ ስላደረጉ ጅቦች የሚወራውን መዝግቧል። ጅቡንማ ገበሬው በየሌሊቱ ሲጮህ ይሰማዋል፤ ተረቱን የሚያስበረግግ ያደረገችው ጉትቻዋ ናት፤ ቀን በጎረቤት ጆሮ ላይ ታይታለችና።

ያ ጎረቤት ለምን ባለ እጁ እንደሆነ ለመረዳት ግን ከተረቱ ወጥቶ ወደ ርስት መሄድ ያስፈልጋል። ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ጌኦርግ ዚምል በ1908 እ.ኤ.አ. ባዕድ ያለው መጥቶ የሚያልፈውን መንገደኛ ሳይሆን፣ በሰው መካከል ኗሪ ሆኖ መሬት የሌለውን ነው። (በዚያው ዓመት ጥር ወር ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን በአዋጅ አልቀረም።) በቤተ እስራኤል ዘንድ የኖረው ትውፊት፣ በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀውን ከርስት እንደነቀሉት ይናገራል፤ መሬት ያጣው ብዙው ሰው በብረት፣ በሸክላና በሽመና አደረ። የቡዳነት ስም የተለጠፈው ግን በእነርሱ ብቻ አይደለም፤ ክርስቲያንና ሙስሊም ባለ እጆችም ቡዳ ተብለዋል። ገበሬው ያለ ቀጥቃጩ ማረስ አይችልም፤ ሆኖም አብሮት አይበላም፣ ልጁንም አይድርለትም። በመንዝ አማሮች መካከል ያጠናው አንትሮፖሎጂስት ሮናልድ ረሚኒክም በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የቡዳን እምነት ከምቀኝነት ፍርሃት ጋር አያይዞታል፤ በእኛ ግምት የሚፈራው ምቀኝነት መሬት የሌለው ሰው ባለ ርስቱን የሚያይበት ዓይን ነው።

ለጥናትዎ ተረቱን ከባለ ርስት ቤተሰብ ብቻ አይሰብስቡ። የቀጥቃጭ ልጆች ስለዚያው ሌሊት የሚተርኩት ካለ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ጉትቻዋ በማን አፍ እንደምትነሣ ይመልከቱ።