«92 በመቶ» የምን? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የሚደርሰኝ ደብዳቤ ሁሉ ስለ አንቲኦክሲደንት ሆኗል፤ ፍሪ ራዲካል የተባሉ ጎጂ ሞለኪውሎችን ያበርዳሉ ስለሚባሉት ንጥረ ነገሮች። አይገርምም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ላይ ነው፤ ገበያው ደግሞ «ተፈጥሯዊ» በተባለ ዱቄት ተጥለቅልቋል። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ሰላምታውን ቆርጫለሁ፣ ሙገሳውን ለራሴ አስቀርቻለሁ።

የፔዳ የኬሚስትሪ ተማሪ ናት። የእሷ ኤክስትራክት (ተክል በፈሳሽ ተነክሮ የሚወጣው ጭማቂ) «አይሲ-50» የሚባለው ቁጥሩ 85 ማይክሮግራም በሚሊሊትር ወጣ፣ የጓደኛዋ 40። «የኔ በለጠ ማለት ነው?»

አይደለም። አይሲ-50 በመሞከሪያው ቱቦ ውስጥ ካለው ቀለም ግማሹን ለማጥፋት የሚበቃው የኤክስትራክት መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጉልበቱ ይበዛል። ማኪያቶ ጋብዣት።

ሌላ ተማሪ፣ ከዚያው ግቢ። የከርከዴን አንቲኦክሲደንት ዲፒፒኤች በሚባል ባለቀለም ኬሚካል እየለካ ነው። መጠኑን በጨመረ ቁጥር ውጤቱ ይወርድበታል። አድቫይዘሩ «ድገመው» ከማለት ሌላ ቃል የላቸውም።

ብትደግመውም ያው ነው፤ ጥፋቱ ከእጅህ አይመስለኝም። ዲፒፒኤች ሐምራዊ ነው። ኤክስትራክቱ ሃይድሮጅን ሲሰጠው ወደ ቢጫ ይገረጣል። ስፔክትሮፎቶሜትሩ፣ ማለትም የቀለም መለኪያው ማሽን፣ በ517 ናኖሜትር (በአንድ በተመረጠ የብርሃን ዓይነት) የሚያየው ምን ያህል ሐምራዊ እንደቀረ ነው። ከርከዴው ግን ራሱ ቀይ ነው፤ እዚያው አካባቢ ብርሃን ይውጣል። ማሽኑ የየትኛው ቀለም እንደሆነ አይለይም። አንተ ከርከዴ ስትጨምር እሱ «ሐምራዊው አልጠፋም» ይልሃል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ መጠን አንድ ተጨማሪ ቱቦ አዘጋጅ፤ ኤክስትራክቱና ሜታኖሉ ይኑሩበት፣ ዲፒፒኤች ግን አይግባበት። የእሱን ንባብ ከዋናው ላይ ቀንስ። ዲፒፒኤቹን በዕለቱ በጥብጥ፣ በፎይል ጠቅልል፣ 30 ደቂቃውን ጨለማ ውስጥ አቆይ። ለማወዳደሪያ የምትጠቀምበትን ቫይታሚን ሲ የዛሬ ሳምንት ሳይሆን በዚያው ቀን ጎን ለጎን ለካ። መብራት ሄዶ ከመጣ ደግሞ ማሽኑን ወዲያው አትመነው። እስኪሞቅ ጠብቅና ብላንኩን (ባዶውን ማነጻጸሪያ) እንደገና አንብብ።

ከአቦል፣ ከቶናና ከበረካ አንቲኦክሲደንት የሚበዛው በየትኛው ነው?

በአቦል። እስከ በረካ የሚቆይ ሰው ግን የሚቆየው ለወሬው ነው፤ ለእሱ መለኪያ የለኝም።

ወጣት ነጋዴ ከዘጌ። የቡና ቅጠል አድርቆ፣ ለሻይ አሽጎ ይሸጣል። ናሙና አስለክቶ «92 በመቶ» የሚል ወረቀት ተሰጥቶታል። «ማሸጊያው ላይ 92 በመቶ አንቲኦክሲደንት፣ ካንሰርን ይከላከላል ብዬ ብጽፍ ችግር አለው?»

አለው ወንድሜ።

መጀመሪያ ቁጥሩ። 92 በመቶ የምን? የቅጠልህ 92 በመቶ አንቲኦክሲደንት ነው ማለት አይደለም። ቱቦው ውስጥ ከነበረው ሐምራዊ ቀለም 92 በመቶው ጠፋ ማለት ነው። በስንት ማይክሮግራም? ወረቀቱ ይህን ካልነገረህ ምንም አልነገረህም። መጠኑን ከፍ ካደረግህለት የሱቅ ሻይ ቅጠልም ጌሾም እዚያው ይደርሳሉ። ተመለስና አይሲ-50ውን፣ ከጎኑም የቫይታሚን ሲውን ስጡኝ በል። ከፍለሃል እኮ።

የባሰው ግን ሌላው ነው። ዲፒፒኤች ሰውነታችን ውስጥ የለም። ኬሚስቶች የመረጡት ቶሎ ስለማይበላሽና ቀለሙ በዓይን ስለሚታይ ነው። ብሎይስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1958 «ኔቸር» መጽሔት ላይ ዘዴውን ካወጣ ወዲህ ርካሽና ፈጣን ስለሆነ ዓለም ሁሉ ይሠራበታል። ጥሩ ዘዴ ነው። ለጋ ቅጠል ይሻላል ወይስ የጠና፣ በጥላ የደረቀ ወይስ በፀሐይ የደረቀ፣ እነዚህን ለማወዳደር እኔም የምመርጠው እሱን ነው።

ቱቦው ግን ጨጓራ የለው፣ ጉበት የለው። በቡና ቅጠል ውስጥ ያሉት አንቲኦክሲደንቶች፣ ክሎሮጄኒክ አሲድና ማንጂፈሪን፣ ደም ውስጥ የሚገቡት በጥቂቱ ነው፤ የገባውንም አንጀትና ጉበት መልኩን ይለውጡታል። ቤታ ካሮቲንን አስታውስ፤ ካንሰርን ይከላከላል ተብሎ ስንት ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በፊንላንድ 29,133 አጫሽ ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ1994 ሲወጣ ግን በእንክብል ከወሰዱት መካከል የሳንባ ካንሰር የያዛቸው ካልወሰዱት በ18 በመቶ በልጠው ተገኙ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴርም ኦራክ በሚባለው መለኪያ የምግቦችን ቁጥር ደርድሮ ያወጣውን ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ2012 ከድረ ገጹ አነሳው። ሻጮች ቁጥሩን ለማስታወቂያ አዋሉት፤ ለሰው ጤና ያለው ፋይዳ ግን አልታየም።

ስለዚህ «ካንሰርን ይከላከላል» የምትለው ነገር ላም አለኝ በሰማይ ነው። ቅጠልህን ግን አትጣለው። የዘጌ የቡና ቅጠል፣ የተለቀመው በዚህ ወር፣ በጥላ የደረቀ፣ ክብደቱ ይህን ያህል፣ ካፌይን አለው ብለህ ጻፍ። ሐረር ቁጢ እያለ ሲጠጣው የኖረው ጣፍጦት ነው፤ መቶኛ አይቶ አይደለም። የፈቃዱን ነገር የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ጠይቅ። ከዚያ በፊት ግን ማሸጊያህን ማን እንደሚያነበው እንድታውቅ የሚቀጥለውን ደብዳቤ እይ።

ከባሕር ዳር አንዲት አንባቢ። እናቷ የጡት ካንሰር ይዟቸው ኬሞ እየወሰዱ ነው። ጎረቤት ያመጣችውን «አንቲኦክሲደንት» ዱቄት ጠዋት ማታ በማር ይውጣሉ። እንዳይቆጣ ብለው ለሐኪሙ አልነገሩትም። «ጉዳት የለውም አይደል? ቅጠል እኮ ነው።»

እህቴ፣ ዛሬውኑ ንገሩት። ነገ አትበይ።

ከካንሰር መድኃኒቶች አንዳንዶቹ፣ ጨረርም ጭምር፣ የታመመውን ሴል የሚገድሉት በከፊል ፍሪ ራዲካል እየፈጠሩ ነው። አንቲኦክሲደንት በብዛት ሲወሰድ ይህን ሥራ ያደናቅፋል የሚል ሥጋት በሐኪሞች ዘንድ አለ። ዱቄቱ ውስጥ ምን እንዳለ ደግሞ አንቺም ጎረቤትሽም አታውቁም። ኬሞውን የሚያጣራው ጉበት ያንንም ማጣራት አለበት። «ቅጠል እኮ ነው» አትበይኝ። እንዶድም ከጓሯችን የሚበቅል ተክል ነው፤ የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ ድራሹን እንደሚያጠፋ ዶክተር አክሊሉ ለማ አሳይተውናል።

ዱቄቱ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቁም። ኬሞው ግን አይቁም። ስሙን በቃል ከመናገር ከነማሸጊያው ይዘሽ ሂጂ። እናትሽ ካፈሩ አንቺ ተናገሪ። ሐኪሙ ቢቆጣም ይቆጣ።

አንድ አንባቢ «የዳማከሴ ሜታኖል ኤክስትራክት» ጠንካራ መሆኑን የምርምር ጽሑፍ ላይ አንብቦ፣ ቤቱ ሊሠራው አስቧል። «ሜታኖል የት ይሸጣል?»

አልነግርህም። ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፣ ነፍስም ያጠፋል። ላቦራቶሪ ውስጥ ቅጠል መንከሪያ ነው፤ እዚያም ቢሆን የሚቀምሰው የለም። የአያትህ ዳማከሴ መዳፍና ውሃ እንጂ ሜታኖል አያውቅም። ደግሞስ ጣና ዳር ትኩሳት ሁሉ ምች ነው ያለህ ማነው? ወባም አለ። ጤና ጣቢያ ሄደህ ደምህን ተመርመር።

የወረታ የሳይንስ መምህር። ስፔክትሮፎቶሜትርም ዲፒፒኤችም የላቸውም። ለሳይንስ ክበቡ የሚሆን ነገር ይፈልጋሉ።

ከሁሉ ደስ ያለኝ ጥያቄ የእርስዎ ነው መምህር። ሩዝ የተቀቀለበት ውሃ ይዘጋጅ (ፎገራ ላይ ሩዝ አጣሁ አይሉኝም)። አንድ ማንኪያውን በብርጭቆ ውሃ ይቀላቅሉና ጥቂት ጠብታ ቤታዲን ይጨምሩበት። ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ ይሆናል። ከዚያ ሎሚ በሲሪንጅ ጠብ ጠብ እያደረጉ፣ ቀለሙ እስኪጠፋ ጠብታውን ይቁጠሩ። በሌላ ብርጭቆ የተፈላ ሎሚ፣ በሌላው ብርቱካን፣ በሌላው የዘይቱን ጭማቂ ይሞክሩ። የሩዝ ውሃውና የቤታዲኑ መጠን በሁሉም እኩል ይሁን። በጥቂት ጠብታ ቀለሙን ያጠፋ ጠንካራው ነው።

እዚህ ላይ በአመዛኙ የሚሠራው ቫይታሚን ሲ ስለሆነ «ይህ መድኃኒት ነው» ብሎ የሚደመድም ተማሪ ካለ ያስቁሙልኝ። ብርጭቆዎቹን ማንም አይጠጣባቸው፤ ቤታዲኑም ልብስ ያበላሻል። የሩዙ ውሃ በደንብ ሳይቀዘቅዝ ግን አይጀምሩ። ሙቅ ከሆነ ሰማያዊው አይቆምም፤ ልጆቹ ሎሚው ሳይነካው «ጠፋ!» ብለው ክፍሉን ይበጠብጡብዎታል።