ጥርት ብሎ የሚታየው የጨው ውሃ ጠግቧል ወይስ አልጠገበም?

ጥያቄ፦ 25 ግራም ፖታሲየም ናይትሬት የተባለ ጨው በሙቅ ውሃ አሟሟሁ። የጨውና የውሃው ድምር ክብደት 100 ግራም ነው። ከድኜ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ ባቀዘቅዘውም ጥርት እንዳለ ቆየ። ጨው በውሃ ምን ያህል እንደሚሟሟ የሚያሳየው ሠንጠረዥ በዚህ ሙቀት 31.6 ግራም ይሟሟል ስለሚል «ያልጠገበ»፣ ማለትም ገና ጨው መጨመር የሚችል፣ ብዬ መዘገብኩ። የዚሁ ጨው አንዲት ቅንጣት ስጨምርበት ግን ከሥሩ መርፌ የመሰለ ክሪስታል በቀለ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ሙከራዎ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው ስሌቱ ነው። ሠንጠረዡ 31.6 ግራም የሚለው በ100 ግራም ውሃ እንጂ በ100 ግራም ድምር አይደለም። ከድምሩ ጨው ሲቀነስ የእርስዎ ውሃ 75 ግራም ብቻ ነው። 25ን ለ75 አካፍለው በ100 ሲያባዙ 33.3 ይመጣል። ስለዚህ ውሃው ከሚችለው በላይ ተሸክሞ፣ ማለትም ከልክ በላይ ጠግቦ ነበር ማለት ነው። 75 ግራም ውሃ በ20 ዲግሪ የሚይዘው 23.7 ግራም ያህል ነው። የበቀለውን ክሪስታል አጣርተውና አድርቀው ይመዝኑት፤ የጨመሯት ቅንጣት ክብደት ሲቀነስ 1.3 ግራም ገደማ ሊያገኙ ይገባል። ይህን ልፋት አይተዉት፤ ስሌትና ሚዛን ሲገጥሙ ማየት በቤተ ሙከራ ሥራ ከምወዳቸው ነገሮች አንዱ ነው።

መጥራት ብቻውን ምንም አይመሰክርም። ያልጠገበውም፣ የጠገበውም፣ ከልክ በላይ የጠገበውም ጥርት ብሎ ሊታይ ይችላል። የሚለያቸው ያው ያደረጉት የቅንጣት ሙከራ ነው። ከፈሳሹ ጥቂት በትንሽ ብርጭቆ ይቅዱ፤ ዋናውን አይንኩት፣ ከልክ በላይ የጠገበ ከሆነ አንዲት ቅንጣት ሁሉንም ታበላሸዋለችና። የዚያኑ ጨው ንጹሕ ቅንጣት ይጣሉበትና ቀስ ብለው እያማሰሉ ጠርዟን ይመልከቱ። ጠርዟ እየዶለዶመ ሄዶ ከጠፋች አልጠገበም። ማዕዘኗ እንደተሳለ፣ መጠኗም እንዳለ ከቆየ ጠግቧል። ከጎኗ አዳዲስ መርፌዎች ከወጡ ከልክ በላይ የጠገበ ነው።

ቴርሞሜትሩ በሙከራው ጊዜ ሁሉ ከፈሳሹ ውስጥ አይውጣ። ፖታሲየም ናይትሬት ሲሟሟ ውሃውን ያቀዘቅዘዋል፤ ብርጭቆውን በእጅዎ ቢይዙት ይታወቅዎታል። የቀዘቀዘው ውሃ ደግሞ የሚይዘው ጨው ያነሰ ነው። ከሥር ጨው ተቀምጦ ስላዩ ብቻ «ጠገበ» ብለው አይቸኩሉ፤ ሙቀቱ ወደ 20 እስኪመለስ በደንብ ያማስሉት።

ይህንኑ በገበታ ጨው ለማየት ግን አይድከሙ። በ100 ግራም ውሃ በ20 ዲግሪ 36፣ በ100 ዲግሪ 39 ግራም ያህል ስለሚሟሟ፣ ቢቀዘቅዝም የሚተርፈው ጥቂት ነው። ከልክ በላይ የጠገበ ፈሳሽ በግልጽ ማየት ከፈለጉ ሶዲየም አሴቴት የተባለውን ጨው ይሞክሩ፤ አንዲት ቅንጣት ስትነካው ነጩ ክሪስታል ከነካችበት ቦታ ተነሥቶ ዕቃውን ይሞላዋል፣ ዕቃውም እጅዎ ላይ ይሞቃል።