ሮም ውስጥ አንድ ቅዳሜ፣ ለሂርማታ ነጋዴ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ጅማ ውስጥ ቡና አስለቅሜ ለላኪዎች የማቀርብ ነጋዴ ነኝ። በሚቀጥለው ወር ለሥልጠና ሮም እሄዳለሁ። ሥልጠናው ዓርብ ያልቃል፤ የምመለሰው እሑድ ጠዋት ነው። ቅዳሜን የጥንት ሮማውያን ከተማ ፍርስራሽ በማየት ላሳልፍ አስቤአለሁ። የጠየቅኩት ሁሉ ፖምፔይ ይለኛል። እርስዎ ልጅዎን ሊጠይቁ ሄደው እንደነበር ጽፈዋልና ምን ይመክሩኛል? (ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ ፖምፔይን ለሌላ ጊዜ አቆዪው። እ.ኤ.አ. በ79 ቬሱቪየስ ተራራ በአመድ የቀበረውን ከተማ ማን ይጠላል? ነገር ግን ከሮም ናፖሊ ድረስ በፈጣኑ ባቡር እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፤ ከናፖሊ ደግሞ ሌላ ባቡር አለ። ደርሰሽ ዓይንሽ ሳይጠግብ መመለሻሽ ይደርሳል። ለአንቺ የሚሆነው ኦስቲያ አንቲካ ነው፤ የነጋዴ ከተማ ነውና።

በሜትሮው ቢ መስመር ሄደሽ ፒራሚዴ ጣቢያ ውረጂ። ከእርሱ በፊት ያለው ጣቢያ ቺርኮ ማሲሞ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1937 የተወሰደው የአክሱም ሐውልት ከስልሳ ዓመት በላይ የቆመው እዚያው አጠገብ ነበር። እኔ ሆን ብዬ ወርጄ ሐውልታችን የሌለበትን ቦታ አየሁና ደስ ብሎኝ ጉዞዬን ቀጠልኩ። ከፒራሚዴ ወጥተሽ ከጎኑ ባለው ጣቢያ ወደ ባሕሩ የሚሄደውን ባቡር ያዢ፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው።

ኦስቲያ የቲበር ወንዝ አፍ ላይ የተቆረቆረች የሮም ወደብ ነበረች። ወንዙ ደለል እያመጣ ባሕሩን ገፍቶት ዛሬ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቋል። ባሕር የሌለው ወደብ ማየት እንግዳ ነገር ነው።

ዋናው መንገድ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈበት ነው። እኔ የክት ጫማዬን አድርጌ ሄጄ እስከ ማታ አነከስኩ። ቴአትር ቤቱን እለፊና በስተጀርባው ወዳለው አደባባይ ግቢ። ዙሪያውን ስልሳ ገደማ የነጋዴና የመርከብ ባለቤት ክፍሎች ነበሩ፤ እያንዳንዱም ደጃፉ ላይ በጥቁርና በነጭ ጠጠር የራሱን ምልክት አስነጥፏል። አንዱ መርከብ፣ አንዱ የእህል መስፈሪያ። ከዛሬዋ ሊቢያ ከሳብራታ የመጡት ነጋዴዎች ያስነጠፉት ዝሆን ነው። ኩምቢው ወደ ታች ወርዷል፣ ጥርሱ ነጭ ነው። የዝሆን ጥርስ ይሽጡ ወይስ ዝሆኑን ራሱን፣ ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኔ ግን በአባ ጅፋር ዘመን የዝሆን ጥርስና ዝባድ ከቡና ጋር ይሸጥበት የነበረው የጅማው ገበያ ሂርማታ ትዝ አለኝና ከዚያ ዝሆን አጠገብ አልላቀቅ አልኩ። ልጄ ሁለት ጊዜ ተጣራች።

ከዚያ ወደ መሸታ ቤቱ ሂጂ። የእምነበረድ ባንኮኒው እንዳለ ቆሟል፤ ግድግዳው ላይ የሚሸጠው ምግብ ተሥሏል፤ ደጃፉ ላይ የድንጋይ አግዳሚ አለ። ቁጭ ብዬ ቡና ለማዘዝ ምንም አልቀረኝም ነበር። ለካ እነዚያ ሰዎች ቡና የሚባል አያውቁም፤ አዘንኩላቸው። የዳቦ ቤቱን ወፍጮ ድንጋዮችም ተመልከቺ፤ በአህያ ነበር የሚዞሩት። መታጠቢያ ቤቶቹ ብዙ ናቸው፤ አንዱን ካየሽ ይበቃል።

ባርኔጣና ውኃ ያዢ፤ ምሳሽንም ቋጥረሽ ሂጂ። ቅዳሜ መሆኑ በጀሽ፤ ሰኞ ዝግ ነው። እኔ ይህን ያወቅኩት በሩ ላይ ከደረስኩ በኋላ ስለሆነ ማግስቱን እንደገና ተመለስኩ።

አደራሽን ያን ዝሆን በስልክሽ አንሺልኝ። የእኔው ፎቶ ላይ የልጄ አውራ ጣት ግማሹን ሸፍኖታል።