የሞተር መብራትና ኮድ ፒ0171

ወንድሜ፣ የኦክስጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን) ለመግዛት አትቸኩል። የ2004 ኮሮላህ የሞተር መብራት በርቶ ፒ0171 የሚል ኮድ ስለወጣ መካኒኩ «ሴንሰሩን ቀይር» እንዳለህ ጽፈሃል። ኮዱ ግን ስለ ሴንሰሩ መበላሸት አይናገርም፤ ከነዳጁ አንጻር አየሩ በዝቷል ነው የሚለው። ሴንሰሩ ያየውን የተናገረ ምስክር ነው።

በዚህ ሞተር ላይ እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው የአየር ማስገቢያ ማኒፎልዱን (አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለውን ቱቦ) ጋስኬት፣ ማለትም የመገጣጠሚያውን ማሸጊያ ነው። ሲያረጅ ይደርቅና በተለይ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አየር ያሾልካል፤ ሲሞቅ መልሶ ይገጥማል። መካኒኩ በምርመራ መሣሪያው ላይ የነዳጅ ማስተካከያውን ንባብ (የሞተሩ ኮምፒውተር ምን ያህል ነዳጅ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ በመቶኛ የሚያሳየውን) እንዲያሳይህ ጠይቀው። መኪናው ቆሞ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ ንባቡ 20 በመቶ አካባቢ ሆኖ፣ በደቂቃ ወደ 2500 ዙር ከፍ ሲደረግ ወደ ዜሮ ከተጠጋ፣ አየር የሚሾልክበት ቦታ አለ ማለት ነው። የተሰነጠቁ የጎማ ቱቦዎችንም በእጅህ እያጠፍህ ፈትሽ። ዳገት ላይ ንባቡ የሚጨምር ከሆነ ግን የአየር መለኪያው ቆሽሾ ወይም የነዳጅ ፓምፑ ደክሞ ሊሆን ይችላል። መለኪያውን ለእሱ በተዘጋጀ ስፕሬይ ብቻ አጽዳው፤ ውስጡ ያለው ሽቦ እጅግ ቀጭን ስለሆነ ጨርቅ አታስነካው።

ባትሪ ነቅለህ መብራቱን አታጥፋ፤ ለምርመራ የሚያስፈልገው መረጃ አብሮ ይጠፋል። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ ደግሞ ዳር ይዘህ አቁም። ያልተቃጠለ ቤንዚን ካታላይዘሩን (የጭስ ማጽጃውን) እያቃጠለው ነው፤ የእሱ ዋጋ ከጋስኬቱ ጋር አይወዳደርም።